ወጨጫን በጳጉሜን ለመውጣት ላሰቡ ስምንት ጓደኛሞች

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ቡራዩና አሸዋ ሜዳ ነው። ወጨጫ ከቤታችን በረንዳ ላይ ይታየናል። በጳጉሜን፣ አዲስ ዓመት ሳይገባ፣ ከመናገሻ ሱባ ደን ተነሥተን ጫፉን ወጥተን በሰፈራችን በኩል የምንወርድበት የሦስት ቀን የእግር ጉዞ አስበናል። ስልኬ ላይ ስለካው ጠቅላላው 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንዲያውም ሦስት ቀን በዛ የሚሉ አሉ። አንዱ ጓደኛችን ከድሬዳዋ ይመጣል፤ የ57 ዓመት እናቴም አብራን ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ትንሽ ደም ግፊት አለባት። ተራራው እሳተ ገሞራ ስለሆነ ሰሞኑን ከሚሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ሥጋት አለው ወይ? ከፍታውስ ያሳምማል? ካርታው ስልካችን ላይ ካለ መሪ መቅጠርስ ግድ ነው? በሚቀጥለው ዓመት ራስ ዳሸን ለመውጣት ስላሰብን ይህንን እንደ ልምምድ ይዘነዋል።»

በጳጉሜን አትሂዱ። መሪ ደግሞ ያስፈልጋችኋል፤ ለስምንት ሰው ሁለት። የፈራችሁት እሳተ ገሞራውንና ከፍታውን ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ወጨጫ ላይ ከሚያሰጉት ነገሮች መጨረሻ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። የሚያሰጋውን ግን በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ጊዜም አልጠቀሱትም፦ እርጥብ ብርድና የመሸ ሰዓት። ስለዚህ በፈራችሁት ልጀምርና ወደ እሱ ልሂድ።

ወጨጫ፣ ፉሪና የረር በአዲስ አበባ ዙሪያ የቆሙ፣ ከጠፉ ሚሊዮን ዓመታት ያለፋቸው እሳተ ገሞራዎች ናቸው። እንጦጦ ከእነሱም የሚያረጅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው ተከታታይ መንቀጥቀጥ የመጣው ከአዋሽና ከፈንታሌ አካባቢ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ነው። እዚያ መሬቱ ዛሬም እየተለያየ ነው፤ ወጨጫ ሥር ግን የሚፈላ ነገር የለም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ጭስም፣ የድኝ ሽታም፣ ኤርታሌን የመሰለ ቀይ ነገርም አትጠብቁ። የድሮው እሳት ለመንገደኛ የተወለት ሌላ ነው፦ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ቀይ አፈር፣ ጎርፍ የሸረሸረው ጥልቅ ሸለቆ፣ በሣር የተሸፈነ ልቅ ድንጋይ። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ያ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ለሚረግጠው ገበሬ እግር የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል፤ ብዙ ሰው በስህተት እርግማን ወይም የዘር ጣጣ አድርጎ የሚያየው በሽታ ነው፤ ጫማና ውሃ በሳሙና ይከላከሉታል። ለእናንተ የሦስት ቀን ጉዞ አያሰጋም። ጭነት የሚነዳላችሁ ልጅ ባዶ እግሩን ከመጣ ግን ከክፍያው በላይ አንድ ጥሩ ጫማ ግዙለት።

ከፍታውን በተመለከተ፣ የወጨጫ ጫፍ 3,400 ሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላሉ ሰውነታችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። የምትኖሩበት ቦታ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሳታለከልኩ ትወጣላችሁ ማለት አይደለም፤ ታለከልካላችሁ፤ ግን ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ ለሚወርድ የቡራዩ ነዋሪ የከፍታ ሕመም እምብዛም አይነካውም። ከድሬዳዋ የሚመጣው ወንድማችሁ ጉዳይ ይለያል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ከአውቶቡስ ወርዶ በማግሥቱ ተራራ መውጣት የለበትም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እናንተ ጋር ይደር። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣበት ደግሞ «ሻይ ጠጣና ይለቅሃል» አይባልም፤ መውጣቱ እዚያው ይቆማል፤ ካልተሻለው ይወርዳል።

ራስ ዳሸን ግን 4,550 ሜትር ነው፤ እዚያ ያለው ግፊት ከባሕር ጠረፉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ወጨጫ ጉልበትና ጫማ ይፈትንላችኋል፤ ትዕግሥትም ያስተምራል። ለሰሜን ተራሮች ሳንባችሁን አያዘጋጅም፤ ለዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ እየጨመሩ ማደር ይጠይቃል፤ በየሌሊቱ የመኝታው ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ባይዘል ይመረጣል። ይህን ካሁኑ እወቁት፤ «ወጨጫን ወጥተናል» ብላችሁ ሰሜን ላይ ቀን እንዳትቀንሱ።

አሁን ወደ 18 ኪሎ ሜትሩ። በደጋ ላይ መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም። ገበሬውን ብትጠይቁት «ከዚህ እዚያ ግማሽ ቀን ነው» የሚላችሁ የርዝመት መለኪያ አጥቶ አይደለም፤ ትክክለኛው መለኪያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ጭነት ይዞ በደልዳላ መሬት የሚሄድ ቡድን በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ 500 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከሱባ እስከ ጫፉ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ አቀበት አለ፤ ሁለት ሰዓት ለአቀበቱ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ስምንት ሰው ደግሞ በጣም ቀርፋፋው ሰው በሚሄድበት ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ አንዱ ጫማ ሲያስር፣ አንዱ ፎቶ ሲያነሣ፣ አንዱ ቁጥቋጦ ሲፈልግ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እንደዋዛ ያልቃል። ፀሐይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ የኛ አገር ማምሻ አጭር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ነው። ስልኩ ያሳያችሁ መስመር ገደልና ሸለቆውን የሚያቋርጥ እንደሆነም አትርሱ፤ ስልኩ አጥሩንና ውሻውን አያውቅም።

ብርዱን ለማስረዳት አንድ የደረሰብኝን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በነሐሴ መጨረሻ ዘጠኝ ወጣቶች ይዤ ወጥቼ ነበር። አብረውን የነበሩት የሱባ አዛውንት መሪ 6 ሰዓት ላይ ቆም ብለው ወደ ምዕራብ አዩና «ልጄ፣ እንመለስ» አሉኝ። ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር፤ ጫፉ ይታያል፤ ልጆቹም ጉጉ ናቸው። አንድ ሰዓት ብቻ አልኳቸው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ወረደና አምስት ሜትር ፊት ለፊት ያለው ሰው ጠፋን፤ ተከትሎ በረዶ ዘነበ። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ የለበሰ የ22 ዓመት ጠንካራ ልጅ ነበረን። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ መንቀጥቀጡን ተወ። እኔ «ተሻለው» ብዬ አሰብኩ። አዛውንቱ ግን ጣቶቹን ይዘው አዩና ጫማውን እንዲያስር ጠየቁት፤ ማሰሪያውን በሁለት ጣቶቹ መካከል መያዝ አቃተው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የእረኛ ጎጆ ውስጥ አስገብተን፣ እርጥቡን ልብስ አውልቀን፣ የባለቤቱን ደረቅ በርኖስ አልብሰን፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ አቅፈውት፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። ዳነ። የመመለሻውን ሰዓት ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አላሳለፍኩም።

ያ ልጅ የታመመው 10 ዲግሪ ገደማ በሚሆን አየር ውስጥ ነው። ሰው በብርድ ለመጎዳት ውርጭ አያስፈልገውም፤ እርጥብ ልብስ፣ ነፋስና ባዶ ሆድ ይበቁታል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ቡራዩ ላይ ጃኬት የሚያስደርብ ቀን ጫፉ ላይ እጅ ያደነዝዛል። ጋቢ ውድ ነገራችን ነው፣ ድንኳን ውስጥ እንደ እሱ የሚሞቅ የለም፤ ከረጠበ ግን ጥጥ ነውና ውሃውን ይዞ ሙቀታችሁን ይጠጣዋል። ጂንስም እንዲሁ። የሱፍ ሹራብ ረጥቦም ይሞቃል፤ የመንዝ ሰው ባናውን ከበግ ጠጉር የሚሠራው በከንቱ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደረቅ ቅያሪ ይያዝ፤ ቀን የለበሰው ቢረጥብም ቅያሪውን አይንካው፣ የማታ ነው። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሰውነት እየታገለ ነው። የሚንቀጠቀጠው ሰው ዝም ሲል፣ ቃሉ ሲጎተት፣ ሲደናቀፍ ነው መደንገጥ። አረቄ እንዳትሰጡት፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያስወስደዋል።

ስለ መሪው ጥያቄዎ መልስ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። መንገዱን ስልኩም ሊያሳያችሁ ይችላል። መሪ የምትቀጥሩት ሰማዩን አይቶ «እንመለስ» እንዲላችሁ፣ እረኛው «ውሾቹን ያዝ» ሲባል እንዲሰማ፣ ሰው ቢጎዳ የትኛው ቤት ፈረስ እንዳለው እንዲያውቅ ነው። የአካባቢው ገበሬ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከእናንተ መካከል አጥርቶ የሚናገር ቢኖርም እንኳ የሚታወቅ ሰው ይዞ መምጣት ሌላ ነው፤ በሰው ማሳና በሰው ደጅ ነው የምታልፉት። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ስለሆነ መግቢያውንም ድንኳን የሚተከልበትንም ቦታ ከእነሱ ትጠይቃላችሁ፤ መሪም በዚያው በኩል ፈልጉ። ሁለት ያልኩት አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ እንዲሄድ ነው፤ ጉም ውስጥ የሚጠፋው ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የጸጥታውን ነገር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በዚያ አካባቢ ሁኔታው ከወር ወር ይለያያል፤ አምና ሄዶ የመጣ ጓደኛ የሚነግራችሁ የአምናውን ነው። ቀበሌው ስማችሁንና የምትመለሱበትን ቀን ይመዝግብ። «አሁን ባትመጡ ይሻላል» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ሌላ ሳምንት አለ።

ወቅቱስ? የዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል፤ ጳጉሜን ላይ መሬቱ የጠጣውን ገና አልተፋም። ሸለቆዎቹ ሙሉ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፤ ዛፍ የሌለበት ሸንተረር ላይ ደግሞ ከሁሉ ረጅሙ እናንተ ናችሁ። መስከረም አደይ አበባው ያማልላል፤ ጭቃው ግን እንዳለ ነው። እኔ የምመርጠው ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 14 ያለውን ጊዜ ነው። መንገዱ ደርቋል፣ ምንጩ አልነጠፈም፣ ሰማዩ ጠርቷል። ኅዳር 14 ላይ ያቆምኩት በማግሥቱ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ነው። ከእናንተ መካከል እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ካለ ያለ እህል ውሃ አቀበት መውጣቱ ከባድ ነው፤ መንፈሳዊውን ነገር ለንስሐ አባቱ ትቼ፣ ሰውነቱን በሚመለከት ግን አልመክረውም። ረቡዕና ዓርብም እንደዚሁ ነውና የጫፉን ቀን ቅዳሜ አድርጉት። በዚህ ወቅት ብርዱ የሌሊት ነው፤ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ብታገኙት አትደነቁ።

ስንቅ ላይ ብዙ አልልም፤ እናቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ለሚበላው ቋንጣ። ቁርስ ሳይበሉ የሚነሣ ሰው እንዳይኖር፤ ኪስ ውስጥ ቆሎ ይኑር። ውሃው ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ከደን የሚወጣ ምንጭ ጥርት ያለ ቢሆንም ከላይ ከብት ይውላልና አፍሉት። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ «አልበሰለም» ብላችሁ አትስጉ፣ ተንተክትኮ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆየ አሜባንም ጃርዲያንም ይገድላል። ሩዝና ምስር ግን ሰዓት ይፈጅባችኋልና ማገዶ አታባክኑ፤ ማገዶም ከደኑ አይቆረጥም። እንደሚነገረው ይህን ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል፤ ዛሬ ከዚያ ጽድ ሥር ቆሞ ጉሬዛ ሲዘል ማየት የቻልነው ሳይቆርጡ ያለፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ።

ሰው ጅብ ይፈራል፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ ካላስቀመጣችሁ ጅቡ ድምፁን አሰምቶ ያልፋል። የእረኛ ውሻ ግን ሥራው እናንተን ማባረር ነው። አትሩጡ፣ ተሰብስባችሁ ቁሙ፣ እረኛውን ጥሩ። ከነከሰ ወይም ጥርሱ ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ያኔውኑ ውረዱ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ክትባት ጠይቁ። ውሻው ይታመም አይታመም እስኪታይ ወይም የባህል መድኃኒት እስኪሞከር መጠበቅ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይቀራል። ይህን አንድ ነገር ሁሉም ሰው በቃሉ ይያዘው።

እናትዎን ይዘው ይሂዱ። አስቀድመው ግን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በተለይ የሚወስዱት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ለአቀበትና ለፀሐይ ምን ማስተካከያ እንደሚያስፈልግ ይንገራቸው። መድኃኒቱን በራሳቸው አያቋርጡ። ጫፉን ይተዉት፤ ምክንያቱ ልባቸው ብቻ አይደለም፣ 1,000 ሜትር ቁልቁለት በ57 ዓመት ጉልበት ላይ የሚያደርገውን ስለማውቅ ነው። ታችኛው ደን ለእሳቸው ይበቃል፤ ጽዱና ዝግባው፣ ወይራው፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ድኩላም ይታያል። ከፍ እያለ ሲሄድ ኮሶው፣ ከዚያ አምጃና አስታው ይመጣል፤ ያን እናንተ አይታችሁ ትነግሯቸዋላችሁ።

እንግዲህ ዕቅዱን እንዲህ ቀይሩት። ተሻግሮ በቡራዩ በኩል መውረዱን ተዉት፤ ጓዝ ተሸክሞ በማያውቁት ቁልቁለት መውረድ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ዓርብ ሱባ ግቡ፣ በተፈቀደው ቦታ ድንኳን ትከሉ፣ ከእናትዎ ጋር ታችኛውን ደን ዙሩ፣ በጊዜ ተኙ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ውሃ፣ ስንቅ፣ የዝናብ ልብስና ደረቅ ሹራብ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ ከእናትዎ ጋር አንድ ሰው ይቅር። የትም ብትደርሱ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን መልሱ፤ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀርም። እዚያው ሁለተኛ ሌሊት አድራችሁ እሁድ ረፋዱ ላይ ውረዱ። ድንኳንና ምግቡን ከመንገድ ወደ ሰፈሩ የሚያደርስ አንድ የጭነት ፈረስ ወይም ሁለት አህያ ተከራዩ፤ ሰው ሲጎዳ ፈረሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጫማችሁ ቢያንስ ለአንድ ወር የተለማመደ ይሁን፤ የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፣ ቁልቁለት ላይ የሚጠቁረው ያልተቆረጠ ጥፍር ነው።

መሪውን ስታገኙ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ባለፈው ሳምንት ወጥተህ ነበር?» እና «ከመንገድ የመለስከው ቡድን አለ?» ለሁለተኛው «ሁሉንም ጫፍ አድርሻለሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።